ነጩ ጋቢና መስተዋቱ

ከጓሯችን ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው፣ ሰማዩ በጠራ ማለዳ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ረጅም ሸንተረር ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታየዋለች። እንግዳ ሰው የደመና ጥላ ትመስለዋለች። እኛ ግን የጥድ ዛፎች መሆናቸውን እናውቃለን፤ ከጥዶቹ መካከልም ባለቤቴ ክርስትና የተነሣችበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከቅጥሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የታላቅ እኅቷ ቤት ይገኛል። እኅቲቱ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት።

በደኅናው ዘመን ባለቤቴ በየዓመቱ ለንግሥ ወደዚያ ትወጣ ነበር፤ መኪና እስከ ደረሰበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። ሰንብታ ስትመለስ ለብዙ ቀን ወሬዋ ሁሉ የዚያ አገር ይሆናል፤ የማን ላም እንደ ወለደች፣ የማን አጥር እንደ ፈረሰ ትነግረኛለች። እኔም «እግርሽ መጣ እንጂ አንቺ ገና አልደረስሽም» እያልሁ እቀልድባት ነበር። አሁን ግን መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሲከፈትም የባለቤቴ ጉልበት ኮርቻ አይችልም። ለሁለቱ እኅትማማቾች የቀራቸው ስልክ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቢሆን እኅቲቱ ከቤቷ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጥታ፣ ነፋስ እየመታት ካልሆነ አይሰማም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን እንዲሁ ከጉብታው ላይ ሆና ደወለች። ድምፅዋ ይመጣል፣ ይሄዳል። ባለቤቴ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ነበር።

«እትዬ፣ ይህ ስልክ ጨርሶ የጠፋ እንደሆነ ደኅንነትሽን በምን አውቃለሁ?» አለቻት።

«ከሞትሁ ትሰሚያለሽ። ክፉ ወሬ መኪና አይጠብቅም፤ በእግሩ ይመጣል።»

«አሁን ይህ ቀልድ ነው?»

«ምን ላድርግልሽ ታዲያ? ጭስ ላጭስልሽ?»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ሩቁን የሚያቀርበው መሣሪያ፣ ቴሌስኮፑ፣ በቤታችን ነበርና ነገሩ ለሁለታችንም ባንድ ጊዜ መጣልን። «ጋቢ» አልኋት በቀስታ።

«ጋቢሽን ስቀይ!» ብላ ጮኸች። «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ፣ ነጩን ጋቢሽን ወደ እኛ በሚያየው ግድግዳ ላይ ስቀይው። እኒህ በመነጽራቸው ያዩታል።»

«የኔታ ናቸው የሚያዩኝ? እንግዲያስ ግድግዳውንም ልምረገው!» ሳቋ ተቆራርጦ ጠፋና ተመለሰ። «ግን እኮ ያለኝ ጋቢ አንድ ነው። እርሱን ሰቅዬ እኔ ምን ለብሼ ልሄድ ነው?»

«ነጠላሽን።»

«ማለዳ እኮ ነው፤ ይበርደኛል።»

«እትዬ!»

«እሺ፣ እሺ። አንቺ ካልሽ ይብረደኝ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ የዚያ አገር ስልክ ጠፋ። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስም አልተመለሰም።

መሣሪያው ወደ ቤታችን የመጣበትን ምክንያት ልናገር። በግቢያችን ካሉት ክፍሎች አንዱን፣ በዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ለብዙ ዓመት ተከራይቶ ኖሮበት ነበር። ከምሥራቅ በኩል የመጣ ሙስሊም ነው። የእርሱ ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም በተገናኙበት ዓመት፣ ጀንበር ስትጠልቅ እርሱ ቴምሩን፣ እኔ ሽምብራዬን ይዘን ከአንድ ደጃፍ እንቀመጥ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የቁጥር ትምህርት፣ ተምሬአለሁ፤ በኋላም አስተምሬአለሁ። ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደ ሆናት በጣቴ አንጓ ቆጥሬ ስነግረው ይደነቅና፣ «የኔታ፣ ቆጥረዋታል እንጂ አይተዋት አያውቁም» ይለኛል። እውነቱን ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጨረቃን በቁጥር ስከተላት፣ ቀና ብዬ ፊቷን ልብ ብዬ አላየሁም። በእርሱ ቴሌስኮፕ ተራሮቿንና ጉድጓዶቿን ባየሁ ጊዜ ከአፌ የወጣው «ስብሐት ለከ» ብቻ ነበር።

ወደ አገሩ አቅራቢያ ተዛውሮ ሲሄድ መሣሪያውን ተወልኝ። «በምሄድበት ከተማ መብራቱ ሰማዩን ይጋርደዋል የኔታ፤ እዚህ ይቆይ» አለ። ሳተርን የሚባለውን ኮከብ ከነቀለበቱ ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ኮከቡ አመሻሽ ላይ የሚወጣበት ወቅት ሳይደርስ እርሱ ሄደ። ክፍሉን ለሌላ ሰው አላከራየነውም። ባለቤቴ ለእህል ማስቀመጫ ይሆናል ትላለች፤ እህል ግን አላስገባችበትም።

ከቴሌስኮፑ ጋር የተረከብሁት ዕቃ ጥቂት ነበር፤ አንድ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ዓይን የሚጠጋባቸው ሁለት ትንንሽ ሌንሶች። አንደኛው ጥቂት የሚያጎላ፣ ሁለተኛው አብዝቶ የሚያጎላ ነው። አቧራ እንዳያገኛቸው ብዬ በአሮጌው ማኅደር፣ ቀድሞ ዳዊቴ ያድርበት በነበረው የቆዳ ከረጢት ውስጥ አኖርኋቸው። ባለቤቴ አየችና «በዳዊት ቤት ብርጭቆ ገባበት» አለች።

«ይህም የእግዚአብሔርን ሥራ ነው የሚያነበው።»

«ያነባል፤ ግን አይደግምም።»

ከዚያ መስከረም ጠባ። እስከ መስቀል ድረስ ሸንተረሩ ጉም ለብሶ ሰነበተ። ከመስቀል በኋላ በመጣው እሑድ ጉሙ ተነሣ፤ እኔም መሣሪያውን ከጓሮ ተክዬ ወደ ጥዶቹ አቀናሁት።

እንዲህ ባለው ቴሌስኮፕ ቀጥታ የሚመለከት ሰው ነገርን ሁሉ ተገልብጦ ያየዋል፤ ላዩ ታች፣ ቀኙም ግራ ይሆንበታል። ለጨረቃ ይህ ምንም አይደለም። ወደ መሬት ሲመለከቱ ግን ሸንተረሩ ከሰማይ ተንጠልጥሎ፣ ጥዶቹም ጫፋቸው ወደ ታች ወርዶ ይታያል። እኔን ይህ አላስቸገረኝም። ልጅ ሳለሁ በዲማ አካባቢ በተማርሁበት ጉባኤ ቤት መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነበር። መምህሩ መጽሐፉን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያስነብቡን፣ ከፊት ለፊታቸው የምንቀመጥ ልጆች ፊደሉን የምናየው ተዘቅዝቆ ነው። የእኔ ቦታ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ስለ ነበረ ንባብን በግልባጭ ተማርሁ። ኋላ መጽሐፍ በእጄ ገብቶ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ሲታየኝ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ስደናበር ጓደኞቼ ስቀውብኛል።

ስለዚህ በልቤ እያገላበጥሁ ፈለግሁ። የእኅቲቱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በምሥራቅ ነው፤ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው ምሥራቅ ቀኝ ነው፤ በመሣሪያው ግን በግራ ይሆናል። በግራ ብፈልግ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አገኘሁ፤ ከግድግዳው ላይም የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነጭ ነገር ነበረች።

ቅንጣቷን ላጎላት ብዬ ብርቱውን ሌንስ ባስገባ ነገሩ ሁሉ እንደ ወራጅ ውኃ ይርገበገብ ጀመር። ለቀድሞው ተከራያችን ደወልሁለት፤ በከተማችን ስልክ ይሠራል።

«ፀሐዩ ሞቋል የኔታ?» አለኝ።

«አዎን፣ ሞቋል።»

«እንግዲያ የሚፈላው አየሩ ነው። ሌንስ ሲበረታ የሚያጎላው ጋቢውን ብቻ እኮ አይደለም፤ በእርስዎና በጋቢው መካከል ያለውንም አየር ሁሉ ያጎላዋል። ሰው ቴሌስኮፕ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመኘው ብርቱ ሌንስ ነው፤ መጀመሪያ የሚጸጸተውም በእርሱ ነው። መካከለኛውን እልክልዎታለሁ። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ይመልከቱ። መቆሚያውስ ነፋስ ይነካዋል?»

«ከጠላ ቤት እንደ ወጣ ሰው ይወዛወዛል።»

«ከመካከሉ ከባድ ነገር ያንጠልጥሉለት፤ ይረጋል።»

በጆንያ ድንጋይ ሞልቼ አንጠለጠልሁለት። እውነትም ረጋ። በሚቀጥለው እሑድ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ባይ ጋቢው ጋቢ መሰለ፤ አራት ማዕዘኑ ሳይቀር ታየኝ። ባለቤቴን ጠራኋት። እየተጣደፈች መጣች፤ ከሣሩ ላይ ተንበርክካ ዓይኗን አስጠጋች፤ ወዲያው እሳት እንደ ነካው ሰው ወደ ኋላ አለች።

«ቤተ ክርስቲያኑ ተዘቅዝቋል!»

«የሚገለብጠው መሣሪያው ነው። አንቺ በልብሽ አቅኚው።»

«መስቀሉ ቁልቁል ወርዶ እኔ በልቤ ላቅናው? እግዚኦ! ይህን አላይም። ቢሆን ቢሆን የተጣለ አገር ነው እንዲህ የሚታይ።»

«ታዲያ በእኔ ዓይን እመኚ። ጋቢው አለ፣ እኅትሽም ደኅና ናት።»

«እርስዎንስ አምናለሁ። ነገር ግን እኅቲቱ የእኔ ናት። በሰው ዓይን እስከ መቼ ልያት?»

ጉልበቷን ይዛ በስንት መከራ ተነሣች። ለመንበርከኩም አቅም እንደሌላት ያን ጊዜ አስተዋልሁ። ስለዚህ ነገሩን የሚያቀና፣ እርሷም ተቀምጣ ልትመለከትበት የምትችል ዕቃ መፈለግ ግድ ሆነ። ያን ሰሞን የነበረኝ አሳብ ይህ ብቻ ነበር። ተከራያችንን ደግሜ ብጠይቀው ከቴሌስኮፑ ጀርባ የሚሰኩ፣ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የሚያይባቸው ሁለት ዕቃዎች እንዳሉ ነገረኝ። አንደኛው በውስጡ መስተዋት፣ ሁለተኛው ፕሪዝም የሚባል ጥርብ ብርጭቆ ያለበት ነው።

«ለመሬት ከሆነ ፕሪዝሙ፣ ለሰማይ ከሆነ መስተዋቱ ይሻላል» አለ። «ፕሪዝሙ ብርሃኑን ትንሽ ያደክመዋል፤ ለኮከብ መስተዋቱ የጠራ ነው።»

«መስተዋቱ የተዘቀዘቀውን አያቀናም?»

«ላይና ታቹን ያቀናዋል። ግን መስተዋት ነው እንግዲህ የኔታ፣ የመስተዋት ጠባይ...» ሲል ስልኩ ተቋረጠ።

ሌሊቱን አሰብሁበት። መስተዋቱ ቤተ ክርስቲያኑን ካቀናልን ለባለቤቴ ይበቃታል፤ ሳተርንም በወቅቱ ሲመጣ ከነቀለበቱ ጠርቶ ይታየኛል። አንድ ዕቃ ለሁለት ናፍቆት። በማግስቱ ደውዬ «መስተዋቱ ይሁን» አልሁት፤ የጀመረውን ነገር እርሱም አልጨረሰው፣ እኔም አልጠየቅሁት። በጥቅምት መስተዋቱና መካከለኛው ሌንስ ተከራያችን ካስገዛበት ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ በደኅና ደረሱልን።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እሑድ አልረሳውም። ባለቤቴ ሌሊት ነቅታ ታጥባ፣ ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍታ ለብሳ፣ በርጩማውን ራሷ ተሸክማ ወጣች። እኔ ቤተ ክርስቲያኑን ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ቦታውን ለቀቅሁላት። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ቀና ብሏል» አለች በመጨረሻ። አማትባ፣ ከበርጩማው ላይ እንዳለች ሰገደች። «ጉልላቱን አየሁት። የኔ አባት፣ ጥዶቹ እንዴት አድገዋል!» እንባዋ ሌንሱን እንዳያረጥበው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ቤቷስ?» አለችኝ።

መጽሐፉ ቀንቶ በእጄ ገብቷልና ማገላበጤን ተውሁ። ቤቷ በምሥራቅ ነው፣ ምሥራቅም ቀኝ ነው ብዬ በቀኝ ፈለግሁ። እንዳሰብሁትም ከጥዶቹ ወጣ ብሎ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ወደ ጠርዝ ገፍቼ ቤቱን ከመካከል አደረግሁትና ተመለከትሁ። ግድግዳው ባዶ ነው። ሌንሱን አጥርቼ እንደገና አየሁ። ባዶ ነው። ነገሩን ልደብቅ ብሞክር ባለቤቴ ፊቴን አንብባ ኖሮ ገፋ አድርጋኝ ተቀመጠች።

«ጋቢው የታለ?»

«ምናልባት አርፍዳ ይሆናል።»

«እትዬ ለቤተ ክርስቲያን አርፍዳ አታውቅም።»

ፀሐዩ በርትቶ አየሩ መፍላት እስኪጀምር ተፈራርቀን ጠበቅን። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ፤ ያው ቤት፣ ያው ባዶ ግድግዳ። ከደጁ ሰው ሲወጣና ሲገባ እንኳ አላየንም።

ባለቤቴ አላለቀሰችም። በእኛ አገር ልቅሶ የሚጀመረው በመርዶ ነው፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሳይሉ፣ ሰው ሐዘን አይቀመጥም። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ መርዶ ነጋሪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በመካከል ቀረች። ጥቁር ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ አሰጣችው፤ መሸት ሲል አጥፋ ከአልጋው ራስጌ አኖረችው፤ አልለበሰችውም፣ ወደ ሣጥኑም አልመለሰችውም። እህል ስታቀርብልኝ ራሷ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትነሣለች።

«ለብሼው ልቀመጥ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«መርዶ ያልተሰማበት ልቅሶ የለም።»

«ዓይኔ ያየውስ?»

«ዓይንሽ ያየው ግድግዳ ነው።»

«እኔ ነኝ በብርድ ያስወጣኋት» አለች። «ይበርደኛል ስትለኝ አልሰማኋትም። ነጠላ ለብሳ በዚያ ውርጭ። ብርዱ ነው የገደላት።»

የራሴን ጋቢ አንሥቼ በትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት።

በሦስተኛው እሑድ ማለዳ መሣሪያውን ላወጣ ስነሣ «ይተውት» አለችኝ፤ «እርስዎ ይሂዱና ይጸልዩላት። በሕይወትም ካለች፣ ካለፈችም፣ ጸሎት አይከፋትም።» መቋሚያዬን ይዤ ወጣሁ።

በደብሩ ደቡብ በር እንደ ገባሁ ቃጭል ተሰማ። ቅዳሴው ሊጀመር ነውና ዲያቆናቱ ኅብስቱን በመሶበ ወርቅ ይዘው ከቤተ ልሔም እየመጡ ነበር። ቤተ ልሔም የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ትሠራለች። እንደ ሥርዓቱ በቅጥሩ ያለው ሰው ሁሉ ካለበት ሰገደ፤ እኔም በመቋሚያዬ ተደግፌ አጎነበስሁ። ቀና ስል ዲያቆናቱ ከቀኜ ወደ ግራዬ ሲያልፉ አየሁ። ፊቴ ወደ ሰሜን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በፊቴ፣ ቤተ ልሔሟ በቀኜ።

በመስተዋቱ ስመለከት ከጥዶቹ መካከል አንዲት ትንሽ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትታየኝ ነበር፤ ያየኋት በግራ ነው። እዚያም ሆነ እዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የምመለከተው። ሁለቱን እሑዶች ዓይኔ አይቷት፣ ልቤ አላስተዋላትም። ቤተ ልሔም በምዕራብ የቆመችበትን ቤተ ክርስቲያን በዕድሜዬ አላየሁም፣ አልሰማሁምም። እንግዲያስ ቤተ ልሔሟ አልተዛወረችም፤ የተዛወረው በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ቀኝና ግራ ነው። መስተዋቱ ላይና ታቹን እንጂ ቀኝና ግራውን አላቀናውም። የምናየው የነበረው በምዕራብ በኩል ያለውን የሌላ ሰው ቤት ነው።

ቅዳሴ የገባ ሰው «እትዉ በሰላም» ሳይባል አይወጣም። እኔ ግን ገና የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ አልረገጥሁም ነበርና፣ እግዚአብሔርን ይቅርታ ለምኜ ተመለስሁ። ከበሩ ላይ አንድ ባጃጅ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ቅዳሴው ዛሬ ምነው አጠረ?» አለኝ ነጂው።

«ንዳ ልጄ፣ ንዳ።»

«ሰው ታሞብዎት ነው?»

«እርሱን ላረጋግጥ ነው።»

ነጂው ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፤ ጉድጓዱንም እብጠቱንም አልለየም።

ባለቤቴ ከደጃፉ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። መሣሪያውን ተሸክሜ ሳልፍ «ይተውት አላልሁም?» አለች፤ አልመለስሁላትም። መቆሚያውን ተከልሁ፣ ድንጋዩን አንጠለጠልሁ፣ መስተዋቱንና መካከለኛውን ሌንስ አስገባሁ። ስቸኩል ጥዶቹ ከዓይኔ እየሸሹ አስቸገሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ቤተ ልሔሟ በግራ መጣች። በእርሷ ተመርቼ ወደዚያው ወደ ግራ ሄድሁ። እጄ ለዚህ አዲስ አልነበረም፤ በግልባጩ ጊዜ የሄደበት መንገድ ይኸው ነበር።

ጋቢው በግድግዳው ላይ ነበር።

ልጠራት ዞር ብል ሰፌዱን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ቦታውን ለቅቄላት በርጩማ ልፈልግ ስል እርሷ ግን ጉልበቷን ረስታው ከመሬት ተንበረከከች። ሰፌዱ ወደቀ፤ ምስሩ በሣሩ ላይ ተበተነ።

እልል ትላለች፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በነጠላ ነው የሄደችው፤ በርዷታል።»

ከዚያ በኋላ እንባዋ መጣ።

«ያን ሁሉ እሑድ ሰቅላው ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«ሰቅላው ነበር።»

«እኛ የሰው ግድግዳ እያየን ስንቀብራት!»

«መስተዋቱ ነው» ብዬ የቀኝና የግራውን ነገር ላስረዳት ጀመርሁ። «እሱን ኋላ ይነግሩኛል» አለችና ዓይኗን መለሰች።

ፀሐዩ ከፍ ሲል አየሩ መፍላት ጀመረ፤ ጋቢውም እንደ ወተት ይፈስስ ነበር። «በቃሽ፣ ተነሽ» ብላት እምቢ አለች፤ በርጩማውን አምጥቼ አስቀመጥኋት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምትገባበት ሰዓት ሲደርስ፣ በሚርገበገበው ብርሃን ውስጥ ስስ ነጠላዋ ከሩቅ አልለይ ብሎ ይሁን፣ አንዲት ጥቁር ነገር ወደ ግድግዳው ቀረበች። ባለቤቴ እጄን ጨበጠች። ወዲያው ነጩ ነገር ከግድግዳው ተነሣ፤ ጥቁሯንም ነገር ከላይ እስከ ታች ነጭ አለበሳት።

«ለበሰችው» አለች ባለቤቴ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሸንተረሩ ሁሉ እንደሚሰማት ሰው፣ «እትዬ! አየሁሽ እኮ!» አለች። ነጯ ነገር ጥቂት ቆማ ወደ ቤት ገባች። ወደ እኛ ተመልክታ ይሁን፣ ጀርባዋን ሰጥታ ይሁን፣ ይህን የሚያሳይ ሌንስ አልነበረንም።

ማታ ለተከራያችን ደውዬ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ። «ይህን ሳልጨርስልዎ ነበር ስልኩ የተቋረጠው፤ ኋላም ረሳሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ የኔታ» አለ። ፕሪዝሙን በዚህ ሳምንት እንደሚልክ፣ በእርሱ ሲያዩ ላዩም ታቹም ቀኙም ግራውም በየቦታው እንደሚሆን ነገረኝ። ሌላ የምንፈልገው ዕቃ እንዳለ ሲጠይቀኝ ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ልጄ፣ ሻጮቹ ድምፅ የሚያመጣ ዕቃስ የላቸውም?»

«የላቸውም እማማ።»

«እንግዲያስ ያን ያልኸውን ብርጭቆ ላክልኝ» አለችው። «ፊቷን ወደ እኛ ያዞረች ዕለት እንዳታመልጠኝ።»